በብዙነህ ኢሜል የተከፈቱ ስልኮች

ባሌ ብዙነህ እምቢ ማለት አያውቅም። ይህን ስል እያመሰገንኩት እንዳይመስላችሁ። ሰቆጣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችን፤ እሱ ስልክ ይጠግናል፣ እኔ ዘመናይ ደግሞ ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አደርጋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይመጣል፤ ብዙነህም ከጠዋት እስከ ማታ «እሺ» ይላል። ምሳውን ጎርሶ «እሺ»፤ ሱቁን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ከከተተ በኋላም «እሺ»። እናደዳለሁ። እሱ ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ያምርበታል፣ ምን ላድርግ፣ እተወዋለሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ። አዲስ ስልክ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ከዚሁ ከኛው ዝቋላ ፍየል ሸጦ የገዛው ገበሬ፣ ከአምደወርቅ በሚኒባስ የመጣችው አስተማሪ፣ ሁሉም ስልኩን ከነካርቶኑ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና «ክፈትልኝ» ይላል። ስልኩ ሊከፈት ሲል ኢሜል ይጠይቃል። ብዙነህ «ኢሜል አለህ?» ይለዋል። ሰውየው «ምንድን ነው እሱ?» ይላል። ለእያንዳንዱ አዲስ ኢሜል እናውጣ ቢባል ኔትዎርኩ ይቆራረጣል፣ የትውልድ ዘመኑን ጠይቆ በፈረንጅ አቆጣጠር ማስላት አለ፣ የይለፍ ቃል ማስያዝ አለ። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ሰውየው የሱቁን ደጃፍ ሳይወጣ ይረሳዋል። ስለዚህ ብዙነህ የራሱን ኢሜል ያስገባል። ነካ ነካ ያደርግና አለቀ፤ ሰውየው መርቆት ይሄዳል። ይህን የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለም፤ በኛ አገር ስልክ የሚከፍት ሁሉ ያደርገዋል፣ ነውር ነው ያለም የለም።

መጀመሪያ ሰሞን ግን አንድ ጣጣ መጣ። የአንዱ ሰው ስልክ ቁጥሮች ወደ ሌላው ስልክ እየገቡ ገበሬው የማያውቃትን ሴት ቁጥር ኪሱ ውስጥ አገኘ፣ ሚስቱም አገኘች። ያን ጊዜ ብዙነህ ቁጥሮቹ እንዳይቀላቀሉ ማድረጊያውን ፈልጎ ዘጋው። ሁሉንም የዘጋ መሰለው። እኔም መሰለኝ።

ሌላም ልማድ አለው። ሰው መዝሙር በብሉቱዝ ሊያስጭን ሲመጣ ስልኩ ሁሉ ስሙ አንድ ዓይነት እየሆነ የአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለሠርግ የታሰበ ዘፈን የአንዲት መነኩሲት ስልክ ውስጥ ገብቶ ስንት ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲከፍት የባለቤቱን ስም ከአገሩ ወይም ከሥራው ጋር በስልኩ ላይ ይጽፍበታል፤ «ደግሰው ደሃና»፣ «እታለም አስተማሪዋ» እያለ። ጥሩ ዘዴ ነበር። በኋላ ጣጣ ውስጥ የከተተንም እሱው ነው።

በጥምቀት ማግስት ከወልዲያ ያገለገለ ላፕቶፕ አመጣልኝ። እኔን ሊያስደስተኝ ብሎ ነው፤ አሮጌው ኮምፒዩተሬ አንድ ገጽ ለማተም ጠዋት ጀምሮ ማታ የሚጨርስ ነበር። ብዙነህ እዚያም ላይ ኢሜሉን አስገባ። ላፕቶፑ «ከሌሎች መሣሪያዎችህ ጋር ሲንክ ይደረግ፣ ያለህ ሁሉ ይገናኝ?» ብሎ ጠየቀው። እሺ አለ። ሰውዬው ለዕቃም እምቢ አይልም።

ኢንተርኔቱን ስከፍት በጎን በኩል አንድ ነገር ተዘረገፈ። በሌሎች መሣሪያዎች ላይ የተከፈቱ ገጾች ይላል። ከሥሩ ስም አለ፣ ከስሙ ሥር ሰውየው ስልኩ ላይ ከፍቶ የተዋቸው ገጾች አሉ። ደግሰው ደሃና ራሰ በራነት በምን እንደሚድን ሲያነብ ከርሟል። ምስኪን፣ ለዚህ ነው ባርኔጣውን የማያወልቀው ብዬ ሳቄ መጣ። እታለም አስተማሪዋ ወደ ባሕር ዳር ዝውውር የሚጠየቅበትን መንገድ ፈልጋለች፤ ለርእሰ መምህሩ «እዚሁ ነው የምኖረው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ብዙነህ፣ ና እስቲ ይሄን ጉድ እይ» አልኩት።

መጥቶ አየ። አልሳቀም።  ነገሩ ለብዙነህ ከኔ ቀድሞ ገብቶታል፤ የከፈተው ስልክ ሁሉ፣ ሰዉ ለብቻው ሆኖ የጠየቀው ሁሉ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ጎረቤቱን አይጠይቅም፣ ስልኩን ነው የሚጠይቀው። ስልኩ ደግሞ ለካ ለኛ ሲያቀብል ኖሯል።

«ዝጊው» አለኝ።

ልዘጋው ነበር። እጄ ማውሱን እየገፋ ሳለ ግን «ቄስ ገብረ ጻድቅ» የሚል ስም አየሁ። ከሥሩ፣ የዓይን ግፊት ምልክቶች። ከሥሩ፣ በጎን በኩል ያለውን አለማየት። ከሥሩ፣ ግላኮማ ይድናል ወይ። የመጨረሻው ላይ፣ ቄስ ዓይኑ ከደከመ ማቁረብ ይችላል ወይ።

እጄን ከማውሱ ላይ አነሣሁ። 

ቄስ ገብረ ጻድቅ የነፍስ አባታችን ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ስልኩን ልጃቸው ማርታ ከባሕር ዳር ልካላቸው ብዙነህ ነው የከፈተላቸው። ካገባን ጀምሮ የኛን ኃጢአት ተሸክመው የኖሩት እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ልጃችን የሞተ ጊዜ በእግዚአብሔር ላይ ያልኩትን ሌላ ሰው አያውቀውም። አንድ ሰሞን ከብዙነህ ጋር ተኳርፈን ለየብቻ ሄደን ነገርናቸው፤ እሱ ስለኔ፣ እኔ ስለ እሱ። በሳምንቱ ጠበል ሊረጩ ቤት መጡና የሁለታችንንም እያወቁ ስለ ገብስና ስለ ዝናብ ብቻ አውርተው ሄዱ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። የአገሩን ቋንቋ ኽምጣንጋን ሲናገሩ ቀልደኛ፣ አማርኛ ሲናገሩ ቁም ነገረኛ።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ነበረ። መስቀል ሲያሳልሙኝ ግንባሬን ስተው ጆሮዬን የነኩኝ ቀን ነበር። መንገድ ላይ በግራቸው ሳልፍ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ሲያልፉ «ምን አስቀየምኳቸው» ብዬ ተብሰልስያለሁ። ለካ አላዩኝም።

ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ተጣላን። እኔ ስለ በሽታው አነበብኩ። ሕመም የለውም፣ ከጎን ከጎን እያለ ነው የሚበላው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን ቶሎ ከተያዘ ይተርፋል ይላል። «ዛሬውኑ እንንገራቸው» አልኩ።

«ምን ብለን?» አለኝ። «አባ፣ ስልክዎ ውስጥ ገብተን አየን ብለን?»

«ዓይን ነው የምልህ! እስኪታወሩ ልንጠብቅ ነው?»

«እሳቸው የኛን ለአንድ ሰው ተንፍሰዋል? እኔ ያንቺን፣ አንቺ የኔን ከሳቸው አፍ ሰምተን እናውቃለን?»

«እኛ እኮ ሄደን ነው የነገርናቸው!»

«እሳቸው ግን ለእኛ አልነገሩንም» አለ። «ያልነገሩንን ነው የያዝነው።» ከዚያ ኢሜሉን ከላፕቶፑ ላይ አጠፋው። ያየነውን ግን ከየት ያጠፋዋል።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰሞን ባሌን ጠላሁት። ሌላ ጊዜ ለመንገደኛው ሁሉ እሺ የሚል ሰው ዛሬ ለኔ እምቢ አለኝ። እሱም እንቅልፍ አልነበረውም። አዲስ ስልክ ሲመጣለት ቁጭ ብሎ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ኢሜል ማውጣት ጀመረ፤ ወረፋው ተንዛዛ፣ ሰዉ አጉረመረመ፣ «ድሮ እኮ ቶሎ ነበር የምትጨርሰው» ይሉታል።  የድሮዎቹን ስልኮች ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም። በዝምታ ከኢሜሉ ቢያወጣቸው ማንም ሳያውቅ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ሌላ መደበቅ ሆኖ ታየው።

አንድ ቀን አባ ራሳቸው ሱቅ መጡ። ስልካቸውን አውጥተው «ብዙነህ፣ ፊደሉን አጉላልኝ እስቲ፤ ስልኩ አረጀ መሰለኝ» አሉት። ብዙነህ ስልኩን ተቀብሎ አጎላ። «ይበቃል አባ?» «ትንሽ ጨምርበት።» ጨመረ። መጨረሻ ድረስ ጨመረ፤ አንድ ቃል ብቻውን የስልኩን መስኮት ሞላው። «አሁን ደኅና ነው፣ ይባርክህ» አሉና ሲወጡ በግራ በኩል ያለውን የበሩን መቃን በትከሻቸው መቱት። ብዙነህ ከባንኮኒው ኋላ አልወጣም። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ካየሁት አፌ አያርፍም።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል በከተማው ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ዞረ። የዓይን ሐኪሞች ከባሕር ዳር መጥተው በነፃ ሊያዩ ነው፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆዩት። በዚያው ሰሞን አባ ቤት መጥተው ነበርና አላስቻለኝም። «አባታችን፣ ሰዉ ሁሉ ሊታይ ነው፤ እርስዎም ብቅ ይበሉ እንጂ» አልኳቸው፤ በዘዴ ነው እንግዲህ። «እኔማ ምን ሆኜ፤ ወረፋው ለደካሞች ይሁን» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀዝቀዝ አለ። ወረፋው ላይ የሚቆመው ሕዝብ እሳቸው የሚያቆርቡት ሕዝብ ነው። ቄሱ ዓይናቸው ታሟል ከተባለ ማን እምነት ይጥልባቸዋል? ከእጃቸው ቅዱስ ሥጋው ቢወድቅስ? ይህ ነው የሚያስፈራቸው፣ ከመታወሩም የባሰ። ስልኩን የጠየቁትም እሱን ነው።

በማግስቱ ብዙነህ ነጠላውን አጣፍቶ ለበሰ። «ወዴት ነው?» አልኩት። «ንስሐ ልገባ» አለኝ። ከጾም በፊት ሁሌም ይገባል፣ አልገረመኝም። የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው። ንስሐው የሱ ነው፣ ለፈለገው ቢናገር መብቱ ነው።

ደብሩ ግቢ ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ተንበረከከ። «አባ፣ የሰው ገበና አየሁ» አላቸው። እንዴት አሉት። ነገራቸው፤ ኢሜሉን፣ ስሙን፣ ላፕቶፑን። አባ መጀመሪያ ሳቅ አሉ። «ታዲያ የከተማው ነፍስ አባት ሆነሃላ፤ ያለ ክህነት» አሉት። ከዚያ ቁም ነገር ያዙ። «የማን የማንን እንዳየህ ለኔ አትንገረኝ» አሉ። «እሱ የነሱ ነው። ቀኖናህ ይህ ነው፤ ያየህባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ሂድና ፊት ለፊታቸው ቆመህ ንገራቸው። ይቅር በሉኝ በላቸው። በል ተነሣ፣ ዛሬውኑ ጀምር።»

ብዙነህ አልተነሣም።

«ምነው?» አሉት።

«እየጀመርኩ ነው፣ አባ» አላቸው።

አባ በእጃቸው የያዙትን መስቀል ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ወፉ ይንጫጫል፣ ሰው ቤተ ክርስቲያን እየተሳለመ ያልፋል። ብዙነህ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም።

«እስከ የት ድረስ ነው ያየኸው?» አሉት በመጨረሻ።

«እስከ ማቁረቡ ድረስ።»

«መቼ?»

«በጥምቀት ማግስት።»

«ያን ጊዜ ፊደሉን ስታጎላልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 «እኔኮ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው ስልኩን የጠየቅሁት» አሉት። «ለማርታ እንዳልነግራት እየተንከራተተች ትመጣለች። የኔም ነፍስ አባት ካረፉ ቆዩ፤ ሌላ ልያዝ ልያዝ እያልኩ ሳልይዝ ቀረሁ። አንተ ደግሞ አውቀህ ዝም አልከኝ።»

«የርስዎ ምስጢር ነው ብዬ ነው፣ አባ።»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ። «ግን መቃኑን ስመታ እጄን ብትይዘኝ ምን ነበር?»

ብዙነህ ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ ያየሁት ልጃችንን የቀበርን ጊዜ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ይህ ነው። እኔም «ነግሬህ ነበር» የምለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

አባ እሺ አሉና ሐኪሞቹ ጋ አብረን ሄድን። ብዙነህ በግራቸው በኩል ክንዳቸውን ይዞ፣ እኔ ከኋላ። ወረፋው ላይ ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፣ ቦታም ለቀቀላቸው፤ እሳቸው ግን ተራቸውን ጠበቁ። ከሰዉ ውስጥ «ቄሱ ምን ሆኑ» ብሎ ያንሾካሾከም አለ፣ ሰምቻለሁ፣ ገላምጬዋለሁም። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በዓይን መመርመሪያዋ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። የግራው አብዛኛው ሄዷል አለች። የቀኙ በየቀኑ ጠብታ እየተደረገበት ሊቆይ ይችላል፣ ዕድሜ ልክ ነው፣ አንድም ቀን እንዳይረሳ። ከዚያ እንደ ሐኪም ወግ፣ ለሁሉም እንደምትለው፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለች። ብዙነህን አላየሁትም። ማየት ከበደኝ። ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ ባለው ጊዜ ምን ያህሉ እንደሄደ ሐኪሟም አታውቀው፣ ማንም አያውቀው። እኔ ግን ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔ ያን ቀን አንዳች አልጠቀመኝም።

ብዙነህ ቀኖናውን ሊፈጽም በየመንደሩ ዞረ። ደግሰው ወዳለበት ወደ ደሃና በእግሩ ሄደ። ደግሰው ሳቀበት፤ ባርኔጣውን አውልቆ «በል እንግዲህ ጠግበህ እይ» አለው። «ከኢሜልህም አታውጣኝ» አለው። «ባለፈው ስልኬ ወንዝ ሲገባ በሁለተኛው ቀን ያለኝን ሁሉ የመለስክልኝ በዚሁ አይደል? ሌባ ቢወስደው ማን ይመልስልኛል? አንተ ስለ ፀጉሬ ብታውቅ ምን እሆናለሁ?» ብዙዎቹ እንዲህ ነው ያሉት። ብዙነህ እያስረዳ፣ እነሱ እየሳቁ። እታለም አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። ስልኳን ከእጁ ነጠቀችው። እዚያው ፊቱ ራሷ ኢሜሉን አውጥታ ጣለችው፤ ከዚያ ወዲህ ሱቃችን ደጃፍ አልደረሰችም። ለማመልከቻም ሌላ ቦታ ነው የምትሄደው። አልቀየማትም። እኔ ብሆን ስልኩን በራሱ ላይ ነበር የምሰብረው።

ስልካቸው ሳይነካ የቀረ የመጨረሻው ሰው አባ ነበሩ። ሱቅ ሲመጡ ብዙነህ «የርስዎንስ ልተወው ወይስ ላውጣው?» አላቸው። እኔ፣ ይተው የሚሉ መስሎኝ ነበር። ዓይን ለደከመ ሰው ሌላ ዓይን ቢከታተለው አይጠላም ብዬ ነው።

«አውጣው» አሉ። «ከእንግዲህ ሲቸግረኝ መጥቼ ነው የምነግራችሁ።»

አላመንኳቸውም። የሰውን ሲሰማ የኖረ ሰው የራሱን መናገር ከየት ይለምዳል ብዬ በሆዴ አማኋቸው። ብዙነህ አወጣው። ስማቸውም ከዚያ ጠፋ።

ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ከሰዓት መጡ። ሱቁ ውስጥ ከኛ በቀር ሰው አልነበረም። ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡና መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ብዙነህ «ስልኩ ነው፣ አባ?» አላቸው።

«ስልኩ አይደለም» አሉ። «ዛሬ ለደብሩ አለቃ ነገርኩ። ከእንግዲህ መቅደስ ገብቼ አላቆርብም። ማስተማሩን አልተውም፤ ቅዳሴውን ግን ከውጭ ሆኜ ነው የምሰማው።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ደኅና በሚያየው በኩል። «ትናንት ጠብታውን ረሳሁት፣ ዘመናይ። ሌሊቱን ሙሉ ቀኙን እየከደንኩ እየገለጥኩ ስፈትን አደርኩ። ፈራሁ።»

 ይህን ሁሉ ዓመት የኛን ፍርሃት ሰምተዋል፤ የራሳቸውን ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ብዙነህ በሩን ገርበብ አድርጎ መጣና መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

«ይንገሩን፣ አባ» አላቸው።